ሪቪው፦ ፓይተን ሲበላሽባችሁ የሚሰጣችሁ አገልግሎት ምን ይመስላል?

ስለ ፓይተን ፕሮግራሚንግ ላንጉዌጅ ሪቪው የሚፅፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሲንታክሱ (ስለ አፃፃፍ ህጉ) ቅለት፣ ስለ ላይብረሪዎቹ ብዛት፣ ስራ ለማግኘት ስለመጥቀሙ ነው የሚያወራው፣ ይሄ ሁሉ ልክ ነው ግን ተፅፎ አልቋል። እኔ ማውራት የፈለኩት ስለ ሌላው ጎኑ ነው። ኮዳችሁ እምቢ ሲል ቋንቋው ራሱ ምን ያህል ያግዛችኋል? ጥፋቱ የናንተ ሳይሆን የቋንቋው ሆኖ ሲገኝስ ለማን ነው የምትነግሩት፣ የሚሰማችሁስ አለ ወይ? አንድን ፕሮግራሚንግ ላንጉዌጅ ለስራ የሚመርጥ ሰው ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይሄን ይመስለኛል፣ ምክንያቱም አዲስ ኮድ ከመፃፍ ይልቅ የተበላሸ ኮድ ፊት ተቀምጠን የምናሳልፈው ሰአት ይበዛል።

ውጤቱን ቀድሜ ልናገር፣ ከ5 4 እሰጠዋለሁ። አራቱን ያገኘው በአብዛኛው ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ሪፖርት ከመደረጉ በፊት ባለው ስራ ነው፣ ማለትም በኤረር መልእክቶቹና አብረውት በሚመጡት መመርመሪያ ቱሎች። የተቀነሰችው አንዷ ደሞ ሪፖርቱ ከገባ በኋላ ላለው ጥበቃ ናት፣ እሱን ወደታች አመጣዋለሁ።

ከኤረር መልእክት ልጀምር። የድሮ ፓይተን የሚያውቅ ሰው ያስታውሳል፣ አንድ ብራኬት ከፍታችሁ ሳትዘጉ ካለፋችሁ ኢንቫሊድ ሲንታክስ ይልና ቀጥሎ ያለውን ምንም ያላጠፋ መስመር ነበር የሚያሳያችሁ፣ እናንተም ያንን መስመር ስታገላብጡ ትውላላችሁ። የፓይተን ቨርዥን 3.9 ላይ ፓርሰሩ (ኮዱን አንብቦ የሚተነትነው ክፍል) በአዲስ ተቀየረና መልእክቶቹን ማሻሻል ተቻለ፣ ከዛ 2021 ላይ የወጣው 3.10 ብራኬቱ የተከፈተበትን መስመር አሳይቶ "ይሄ አልተዘጋም" ማለት ጀመረ። የቫሪያብል ስም ስትሳሳቱም "ይሄን ማለትህ ነው?" ብሎ የሚቀርበውን ስም ያቀርባል። ከዚህ ስራ ጀርባ ስሙ በተደጋጋሚ የሚነሳው ፓብሎ ጋሊንዶ ሳልጋዶ ነው፣ ኮር ዴቨሎፐር ነው (ፓይተንን ራሱን ከሚሰሩት አንዱ)፣ የ3.10 እና የ3.11 ሪሊዝ ማናጀርም እሱ ነበር። ለሰውየው ትልቅ አክብሮት አለኝ፣ ምክንያቱም ይሄ ማንም ኮንፈረንስ ላይ ቆሞ የማያጨበጭብለት አይነት ስራ ሆኖ ሳለ ጀማሪ ተማሪን ከተስፋ መቁረጥ የሚያድን ነው።

3.11 ደሞ 2022 ላይ ሲመጣ መስመሩን ብቻ ሳይሆን ከመስመሩ ውስጥ የትኛው ክፍል እንደወደቀ ከስሩ ማስመር ጀመረ። ዲክሽነሪ ውስጥ ያለ ዲክሽነሪ ውስጥ ያለ ነገር ስትጠሩ፣ ማለቴ ከኤፒአይ (ፕሮግራሞች ዳታ ከሚለዋወጡበት በር) የመጣ ጄሰን የሚባል ዳታ ስታነቡ፣ ከሶስቱ ኪይ የትኛው ነው None (ባዶ ዋጋ) የመለሰው የሚለውን ለማወቅ ድሮ መስመሩን በታትናችሁ ፕሪንት መደርደር ነበረባችሁ፣ አሁን ትሬስባኩ (ኮዱ የት እንደወደቀ የሚዘረዝረው የኤረር ፅሁፍ) ራሱ ያሳያችኋል። 3.12 ላይ ሲስ የሚባለውን ሞጁል (የተዘጋጀ የኮድ ጥቅል) ሳታስገቡ ከተጠቀማችሁ "ኢምፖርት ማድረግ ረስተህ ነው ወይ" ይላል። 3.13 ላይ ትሬስባኩ ከለር አገኘ፣ ከሱ በላይ ግን እኔ የምወደው ሌላ ነገር መጣ። ስንት ተማሪ ነው ስለ ራንደም ሞጁል ሲለማመድ ፋይሉን ራንደም ብሎ ሴቭ አድርጎ ከዛ ፓይተን ትክክለኛውን ራንደም ትቶ የሱን ፋይል ሲያነብ "ፓይተን ተበላሽቷል" ብሎ አጥፍቶ እንደገና የሚጭነው! አሁን ፋይልህ ከስታንዳርድ ላይብረሪው ሞጁል ጋር ስሙ አንድ ነው፣ ስሙን ብትቀይረው ብሎ ከነፋይሉ አድራሻ ይነግራችኋል። 3.14 ደሞ ዋይል የሚለውን ኪይወርድ ፊደል አዛንፋችሁ ስትፅፉ እንኳን ይሄን ለማለት ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፣ ግን ሰው "ባግ አገኘሁ" ብሎ ሪፖርት ከማድረጉ በፊት መልሱን እዛው ያገኛል፣ የጥሩ አገልግሎት መጀመሪያ ይሄ ነው።

አማርኛ ኪቦርድ ለምንጠቀም ሰዎች ደሞ ለብቻው የሚጠቅም ነገር አለ። ኮድ ስትፅፉ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳትመልሱ ኮማ ለማድረግ ነጠላ ሰረዝ ብትጫኑ ወይም በኮሎን ፈንታ ሁለት ነጥብ ብትከቱ በአይን ለመለየት በጣም ያስቸግራል፣ በተለይ ሁለት ነጥቡ። ፓይተን ግን ኢንቫሊድ ካራክተር ብሎ ምልክቱን ራሱን ከነዩኒኮድ ቁጥሩ ያወጣላችኋል፣ ነጠላ ሰረዙ 1363 ነው፣ ሁለት ነጥቡ 1361። ቁጥሩ በ13 ከጀመረ ከግእዝ ብሎኩ ነው የመጣው፣ ኪቦርዳችሁን እዩ። የቫሪያብል ስምን በአማርኛ መፃፍ ግን ከ3.0 ጀምሮ የተፈቀደ ነው፣ እሱ ችግር የለውም።

እሺ አሁን ትንሽ ረዘም አድርጌ ማውራት የምፈልገው ስለ ኢንኮዲንግ (ፊደሎች ወደ ባይት ስለሚቀየሩበት ስርአት) ነው፣ ምክንያቱም አማርኛ ዳታ ላይ የሚሰራ ሰው "ፓይተን ባግ አለበት" ሲል ብዙ ጊዜ ይሄን ነው የሚለው። ታሪኩ ሁሌም አንድ አይነት ነው፣ አንዱ ሊኑክስ ላይ የሰራውን ስክሪፕት ጓደኛው ዊንዶውስ ላይ ሲያስኬደው ዩኒኮድ ዲኮድ ኤረር ይላል፣ ወይም ይባስ ብሎ ምንም ኤረር ሳይል የሰዎቹ ስም በሙሉ የማይነበብ ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል። ፋይሉ ያው ነው ኮዱም ያው ነው። ምክንያቱ ኦፕን የሚለው ፋንክሽን ኢንኮዲንጉን ካልነገራችሁት ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ስለሚወስድ ነው፣ እንግሊዝኛ ዊንዶውስ ላይ ደሞ ያ ሲፒ1252 የሚባል የድሮ የምእራብ አውሮፓ ኢንኮዲንግ ነው።

ግን ለምንድነው አንዱ ፋይል አልፎ ሌላው የሚወድቀው? እዚህ ጋ ነው ነገሩ ደስ የሚለው። ሊኑክሱ በሚጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ኢንኮዲንግ እኛ የምንፅፍበት እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ሲፒ1252 ውስጥ ደሞ ምንም ፊደል ያልተመደበላቸው 5 ባይቶች አሉ። አበበ የሚለው ስም ውስጥ ያሉት ባይቶች ከአምስቱ አንዱንም አይነኩም፣ ስለዚ ፓይተን ዝም ብሎ ያነበዋል፣ የሚያወጣው ግን ትርጉም የሌለው ነገር ነው። ፋጡማ የሚለው ግን ገና መጀመሪያው ፊደል ላይ ይወድቃል፣ ምክንያቱም ፈ እስከነ ዘመዶቹ ሁለተኛ ባይቱ 8ዲ ነው፣ 8ዲ ደሞ ከአምስቱ አንዱ። ፀሀዩ ፀ፣ ፐ፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ ሁሉም እንደዛው። ም የምትለዋ ደሞ ሶስተኛ ባይቷ 9ዲ ስለሆነ ሰላም የሚል ቃል ያለበት ፋይል አያልፍም። ስለዚ 10 ስም ባለው የሙከራ ፋይል ያለምንም ኤረር የሄደ ፕሮግራም የመስሪያ ቤቱ ሙሉ ዝርዝር ሲሰጠው ሊወድቅ ይችላል፣ የሚወስነው የሰዎቹ ስም ውስጥ ያለው ፊደል ነው። ከሁለቱ ደሞ የሚሻለው የወደቀው ነው፣ ያለፈው ዳታቤዝ ውስጥ ገብቶ ከወራት በኋላ ነው የሚታየው።

ይሄ ባግ ነው? አይደለም፣ ዶክመንቴሽኑ ላይ የተፃፈ ባህሪ ነው። መጥፎ ዲፎልት ነው ወይ ብትሉኝ ግን አዎ፣ በጣም መጥፎ ነበር፣ የፓይተን ሰሪዎችም ያውቁታል። 3.7 ላይ ዩቲኤፍ-8 ሞድ የሚባል ጨመሩ፣ 3.10 ላይ ኢንኮዲንግ ያልተፃፈበትን ቦታ የሚያስጠነቅቅ ዋርኒንግ ጨመሩ፣ ዩቲኤፍ-8 ዲፎልት መሆኑ ደሞ ፔፕ 686 በሚባለው የለውጥ ሀሳብ ሰነድ ለ3.15 ተወስኗል። እስከዛ ድረስ ፋይል በከፈታችሁ ቁጥር ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ፃፉ፣ ከኤክሴል የመጣ ሲኤስቪ ከሆነ ደሞ ዩቲኤፍ-8-ሲግ በሉት አለበለዚያ የመጀመሪያው ኮለም ስም ላይ የማይታይ ምልክት ይለጠፍና ኪይ ኤረር እያለ ያደክማችኋል።

ባግ የሚመስል ግን ያልሆነ ሌላም አለ፣ ይሄኛው ደሞ የኛው የግእዝ ቁጥር ነው። ፩ ላይ ኢዝዲጂት (አሃዝ ነው ወይ ብሎ የሚፈትሸውን) ብትጠሩ ትሩ ይላችኋል፣ ከዛ ወደ ሙሉ ቁጥር የሚቀይረው ኢንት ውስጥ ስትከቱት ቫልዩ ኤረር። በአረብኛ ፅሁፍ የሚፃፉትን አሃዞች ኢንት ውስጥ ብትከቱ ግን ይቀበላል። ሬጀክስ (ፅሁፍ ውስጥ በቅርፅ መፈለጊያ) ላይ ቁጥር ፈላጊው ባክስላሽ ዲ ፩ን አያገኘውም። ፲ ላይ ደሞ ኢዝዲጂት ፎልስ ነው፣ ኢዝኑመሪክ ግን ትሩ፣ ዩኒኮድዳታ ሞጁሉን ብትጠይቁት ዋጋው 10 ነው ይላችኋል። የቫሪያብል ስም ላይም ስም፩ ይሰራል፣ ስም፲ አይሰራም። ይሄን ሁሉ አይቶ ባግ ነው ያለ ሰው አይፈረድበትም፣ ግን ከጀርባው ምክንያት አለ። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ ለአስር ለሃያ ለመቶ የየራሱ ምልክት ነው ያለው፣ ስለዚ ዩኒኮድ ውስጥ እንደ ዴሲማል አሃዝ አልተመዘገበም፣ ከ፩ እስከ ፱ ዲጂት ተብለው ከ፲ ወዲያ ያሉት ኑመሪክ ብቻ ተብለዋል፣ ፓይተን ደሞ የሚከተለው ዩኒኮድን ነው። የኢዝዲጂት ዶክመንቴሽንም በአስር ቤት ቁጥር የማይሰራባቸውን አሃዞች ጭምር እንደሚያካትት በግልፅ ይናገራል። ስለዚ ፎርም ላይ የሚገባ ቁጥር ስትፈትሹ ኢዝዴሲማልን ተጠቀሙ። እግረ መንገዴን፣ የጉራጌ ፊደላት ተጨማሪ ብሎክ ዩኒኮድ 14 ላይ ነው የገባው፣ ፓይተን ደሞ ዩኒኮድ 14ን የያዘው ከ3.11 ጀምሮ ነው፣ ስለዚ 3.10 ላይ እነዚህን ፊደላት ፊደል ናቸው ወይ ብትሉት አይደሉም ይላል። ይሄም ባግ አይደለም፣ የቨርዥን ጉዳይ ነው።

በየጊዜው ተደጋግሞ ሪፖርት የሚደረጉ ሌሎችም አሉ፣ ባጭሩ ልለፋቸው። 0.1 ሲደመር 0.2 የሚሰጠው 0.30000000000000004 የአይትሪፕልኢ 754 ፍሎት (ኮምፒውተር ነጥብ ያለው ቁጥር የሚይዝበት ስታንዳርድ) ጉዳይ ነው፣ ሌሎች ቋንቋዎችም ላይ ያው ነው። 2.5ን ራውንድ ስታደርጉ 2 የሚለው እኩል መሀል ላይ ያለን ቁጥር ለሁለት ወደሚካፈለው ሙሉ ቁጥር ስለሚያጠጋ ነው። ብርና ሳንቲም ላይ የምትሰሩ ሰዎች እባካችሁ ዴሲማል ሞጁሉን ተጠቀሙ፣ የሰው ደሞዝ ነው። 2022 ላይ ደሞ ከ4300 አሃዝ በላይ የሆነ ፅሁፍን ወደ ኢንት መቀየር በዲፎልት ተከለከለ፣ ለሴኪውሪቲ ተብሎ፣ የሰው ኮድ መሀል መንገድ ላይ ቆመ ብዙ ክርክርም አስነሳ፣ እሱም ግን ታስቦበት የተደረገ ነው።

እንግዲህ እነዚህን ሁሉ አልፋችሁ አሁንም እንግዳ ነገር ካያችሁ ምርመራው ይጀመራል፣ እዚህ ጋ ፓይተን ከነሙሉ እቃው ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ዴቭሎፕመንት ሞዱን አብሩት፣ ከ3.7 ጀምሮ አለ፣ ማይነስ ትልቁ ኤክስ ዴቭ ነው ትእዛዙ፣ በዝምታ የሚያልፉ ዋርኒንጎችን፣ ያልተዘጉ ፋይሎችን፣ የሜሞሪ ስህተቶችን ያወጣላችኋል። ፕሮግራሙ ሴግሜንቴሽን ፎልት ብቻ ብሎ ድርግም የሚል ከሆነ ፎልትሀንድለር የሚባለው ሞጁል ከመሞቱ በፊት የትኛው የፓይተን መስመር ላይ እንደነበር ፅፎ ያልፋል፣ ዴቭ ሞዱ እሱንም አብሮ ያበራዋል። እንዲህ አይነት ክራሽ በብዛት የሚመጣው በሲ ከተፃፈ የሌላ ሰው ላይብረሪ ነው፣ ስለዚ ትሬስባኩ መጨረሻ ላይ ያለው የማን ኮድ እንደሆነ አይታችሁ ናምፓይ ከሆነ ለናምፓይ፣ ፓንዳስ ከሆነ ለፓንዳስ፣ ፒፕ ከሆነ ለፒፕ ነው የምትሄዱት፣ ሁሉም የየራሳቸው ትራከር (ባግ የሚመዘገብበት ቦታ) አላቸው። ማይነስ ትልቁ አይ የሚባል አይሶሌትድ ሞድም አለ፣ ፓይተንን የሚመለከቱ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎቻችሁን፣ በዩዘር ደረጃ የጫናችሁትን ፓኬጅ፣ የስክሪፕቱንም ፎልደር ትቶ ነው የሚነሳው፣ በሱ ስታስኬዱት ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ ያለው ከኮምፒውተራችሁ ሴታፕ እንጂ ከቋንቋው አይደለም (የራሳችሁን ሞጁሎች እንደማያገኛቸው ግን አትርሱ፣ ለአንድ ፋይል ኮድ ነው የሚሆነው)።

ከዛ በሌላ ቨርዥን ሞክሩት። 3.13 ላይ ሰርቶ 3.14 ላይ ከወደቀ ሪግሬሽን ይባላል፣ የዋትስ ኒው ገፁን (በየቨርዥኑ የተቀየረው የሚዘረዘርበትን) አንብባችሁ ሆን ተብሎ የተቀየረ ነገር ካልሆነ ጥሩ ማስረጃ ያዛችሁ ማለት ነው። ሲ ኮምፓይለር ያለውና ትእግስት ያለው ሰው ደሞ የሲፓይተንን (የዋናውን ፓይተን) ምንጭ ኮድ አውርዶ ጊት ባይሴክት በሚባለው ትእዛዝ የትኛው ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) እንዳበላሸው ድረስ መሄድ ይችላል። ይሄ ግዴታ አይደለም፣ ግን የኮሚቱን ቁጥር ይዞ የመጣ ሪፖርት ጉዳዩን በቀጥታ ለፃፈው ሰው ያደርሰዋል።

ዋናው ግን ማሳነስ ነው። ከ800 መስመር ኮድ ውስጥ ችግሩን የሚያሳየው 6 መስመር ነው፣ ስራው ያንን 6 መስመር ማውጣት ነው። ግማሹን አጥፉ፣ አሁንም ይወድቃል? ሌላ ግማሽ አጥፉ። ዳታቤዙን አውጡና ዳታውን ኮዱ ውስጥ በእጃችሁ ፃፉት፣ ሪክዌስትስንና ጃንጎን የመሳሰሉ ከውጭ የጫናችኋቸውን ላይብረሪዎች አውጡ፣ ስታንዳርድ ላይብረሪው ብቻ እስኪቀር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚህ ስራ መሀል ነው አብዛኛው ሰው መልሱን የሚያገኘው፣ ሪፖርት ሳያደርግ። ይሄን ሳይሰሩ "ኮዴ አይሰራም እርዱኝ" ብሎ መፃፍ ሀኪም ጋ ገብቶ የት እንዳመመው ሳይናገር መድሀኒት እንደሚጠይቅ ሰው ነው፣ ሀኪሙ ምንም ጎበዝ ቢሆን ከምን ይጀምር?

አሁን ወደ ትራከሩ ራሱ። ድሮ የፓይተን ባጎች የሚመዘገቡት የራሱ በሆነ ባግስ ዶት ፓይተን ዶት ኦርግ በሚባል ሳይት ላይ ነበር፣ ራውንድአፕ በሚባል ሶፍትዌር የሚሰራ። ኮዱ 2017 ላይ ወደ ጊትሀብ (ኮድ ማስቀመጫ ሳይት) ሄደ፣ ኢሹዎቹ (የተመዘገቡት ሪፖርቶች) ግን እዛው ቀርተው ቆዩ፣ በማሪያታ ዊጃያ የተፃፈው ፔፕ 581 ወደ ጊትሀብ ይሂዱ አለ፣ ጉዞው የተጠናቀቀው 2022 ኤፕሪል ላይ ነው። የድሮዎቹ ኢሹዎች አብረው ስለተሻገሩ ከ20 አመት በፊት የተነሳ ጥያቄን ዛሬ ሰርች አድርጎ ከነክርክሩ ማንበብ ይቻላል፣ እኔ ለዚህ ብቻ ብዬ እንኳን ደስ ይለኛል፣ አንድ ነገር ለምን እንደዛ እንደሆነ ከዶክመንቴሽን ይልቅ እዛ ክርክር ውስጥ ነው በደንብ የሚገባችሁ። አዲስ ኢሹ ስትከፍቱ ፎርም ይመጣል፣ ባግ፣ ክራሽ፣ ዶክመንቴሽንና ፊቸር ለየብቻ ነው፣ የትኛው ቨርዥን ላይ ሞከራችሁ የትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ይላል። ሳጥኖቹን በትክክል መሙላት ነው፣ ኮዱንና ትሬስባኩን ደሞ በፅሁፍ ለጥፉ፣ ስክሪንሾት አትላኩ፣ ከፎቶ ላይ ማንም ኮድ ኮፒ አድርጎ መሞከር አይችልም። ርእሱ ላይ "አስቸኳይ" ምናምን ከማለት የፋንክሽኑን ስምና የሆነውን ነገር ፃፉ። አዲስ ፊቸር ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ለምሳሌ ዴትታይም የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይወቅ የሚል ሀሳብ፣ እሱ ባግ አይደለም፣ መጀመሪያ ዲስከስ ዶት ፓይተን ዶት ኦርግ ላይ ነው ውይይት የሚከፈተው። ዴትታይም በግልፅ የግሪጎሪያን ካሌንደር ብቻ ተብሎ ነው የተሰራው።

ከገባ በኋላ ትሪያጀሮች የሚባሉ ሰዎች ሌብል ይለጥፋሉ፣ ባግ ነው፣ ክራሽ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ነው፣ ዩኒኮድ ነው እያሉ። ዩኒኮድ የሚል ሌብል ራሱን ችሎ አለ፣ የኛን ፊደል የሚነካ ነገር ስታገኙ መጀመሪያ እሱን ገብታችሁ አንብቡት፣ ጉዳያችሁ ቀድሞ ተነስቶ ሊሆን ይችላል። አስተያየታቸው አጭር ነው፣ ሰላምታ የለውም፣ እኛ ጋ ባለው ወግ ካየነው ቁጣ ሊመስል ይችላል ግን አይደለም፣ ስራ በዝቶባቸው ነው። ኢሹው "ኖት ፕላንድ" (ልንሰራው አላሰብንም) ተብሎ ቢዘጋም ምክንያቱን አንብቡና የሚጨመር ማስረጃ ካላችሁ እዛው ላይ ፃፉ፣ የተዘጋ ኢሹ ተመልሶ ይከፈታል።

አሁን ስለቀነስኳት አንድ ነጥብ። በሺዎች የሚቆጠሩ ክፍት ኢሹዎች አሉ፣ አመታት ያስቆጠሩም አሉበት። አብዛኛው ስራ በበጎ ፈቃደኛ ነው የሚሰራው፣ የፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን 2021 ላይ ዉካሽ ላንጋን ዴቨሎፐር ኢን ሬዚደንስ ብሎ በደሞዝ መቅጠሩና ከዛም ሌሎች መጨመራቸው ለውጥ አምጥቷል፣ ግን ይሄን ያህል ሰው የሚደገፍበት ቋንቋ ይሄን ያህል በጥቂት ሰው ትከሻ ላይ መሆኑ ልክ አይመስለኝም፣ ከሱ ቢሊዮን የሚያተርፉ ድርጅቶች ከዚህ በላይ መክፈል አለባቸው። በአንድ ሞጁል ላይ እውቀት ያለው ኮር ዴቨሎፐር ከሌለ ያ ሞጁል ላይ የተከፈተ ኢሹ የሚያየው ያጣል፣ ትልልቆቹና ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው ቶሎ ይስተካከላሉ፣ ጥግ ላይ ያሉት ይቆያሉ። ሌላው ቋንቋው ነው፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ ከኛ ሀገር ጎበዝ ኮድ የሚፅፍ ግን እንግሊዝኛ ፅሁፍ የሚያስፈራው ብዙ ልጅ አለ። ለነሱ የምለው፣ 6 መስመር ኮድ፣ "የጠበኩት ይሄን፣ የመጣው ይሄ" የሚሉ ሁለት አጫጭር አረፍተ ነገሮች ይበቃሉ፣ እዛ ያሉ ሰዎች እንግሊዝኛችሁን አይመዝኑም፣ ኮዱን ነው የሚያስኬዱት። የግእዝ ፊደል ላይ ያለ ችግርን ደሞ ከኛ ሌላ ማን ያየዋል?

ከመላካችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ ቨርዥናችሁ አሁንም ድጋፍ ያለው መሆኑን፣ አንድ ቨርዥን በጠቅላላው ለ5 አመት ነው የሚደገፈው፣ ባግ የሚስተካከልለት መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው፣ ከዛ በኋላ ሴኪውሪቲ ብቻ። 3.8 በ2024 ኦክቶበር፣ 3.9 ደሞ በ2025 ኦክቶበር አብቅተዋል፣ ሰርቨራችሁ ላይ አሁንም 3.8 ካለ ባጉን አዲሱ ላይ ደግማችሁ አሳዩ፣ አለበለዚያ ይዘጋል። ሁለተኛ ያገኛችሁት ነገር ሰው ሰርቨር ለመስበር ሊጠቀምበት የሚችል ከሆነ በፍፁም ትራከሩ ላይ በአደባባይ እንዳትፅፉት፣ ለዛ የተለየ የሴኪውሪቲ ቡድን አላቸው፣ በኢሜይል በሚስጥር ነው የሚላከው።

እና ባጉ እውነተኛ ሆኖ ተቀብለውት አንድ ሰው ፑል ሪክዌስት (ማስተካከያዬን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ከከፈተ (እናንተም ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ የኮንትሪቢውተር ስምምነት ፈርማችሁ ቴስትና የኒውስ ፅሁፍ ጨምራችሁ) ዋናው ብራንች ላይ ይገባል፣ ከዛ ቦት ወደሚደገፉት የቆዩ ቨርዥኖች ይገለብጠዋል። እዚህ ደረጃ ላይ ሰው የሚሳሳተው ዛሬ ሜርጅ ስለተደረገ ዛሬ ይሰራልኛል ብሎ ነው፣ የማስተካከያ ሪሊዞች የሚወጡት በግምት በየሁለት ወሩ ነው፣ እስከዛ ኢሹው ስር ሰዎች የፃፉትን መሸጋገሪያ መፍትሄ ተጠቀሙና ኮዳችሁ ውስጥ የኢሹውን ቁጥር በኮመንት አስቀምጡ። አዲሱ ሲወጣ ቼንጅሎጉ (የለውጦች ዝርዝሩ) ላይ ጂኤች ከሚለው ቀጥሎ ያንን ቁጥር ሰርች አድርጉ፣ ካለ መሸጋገሪያውን አጥፍታችሁ ቴስታችሁን እንደገና አስኬዱ።